ስለ ዞዞ ሻምፒዮንሺፕ ጠይቁኝ፦ ታይገር 82ኛ ድሉን ያገኘበት የጃፓን ውድድር

ዛሬ መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው። ርዕሱ ከ2019 እስከ 2024 የተካሄደው ዞዞ ሻምፒዮንሺፕ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጎልፍ የማትከታተሉም እንድትገቡበት ይቺን ልበል፦ በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የተመደበ የምት ብዛት አለ፤ ፓር ይባላል። ከፓር በአንድ ያነሰ በርዲ፣ በሁለት ያነሰ ኢግል፣ በአንድ የበለጠ ደግሞ ቦጊ ነው።

ጥያቄ፦ ዞዞ ምንድን ነው? የቦታ ስም ነው?

አይደለም፣ ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በቺባ ነው፤ ዞዞታውን በሚባል ድረ ገጹ ልብስ ይሸጣል። መሥራቹ ዩሳኩ ማኤዛዋ በ2021 መጨረሻ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሄደው ባለሀብት ነው። ስፖንሰርነቱ የተፈረመው እሱ ድርጅቱን ሲመራ ነበር። የመጀመሪያው ውድድር ሊጀመር አንድ ወር ተኩል ያህል ሲቀረው ግን ኃላፊነቱን ለቀቀ፣ ድርጅቱም ለያሁ ጃፓን እንዲሸጥ ተስማማ።

ጥያቄ፦ ጃፓን እኮ ድሮም ጎልፍ ነበራት። ምኑ ነው አዲስ የሆነው?

ልክ ነህ፣ ከድሮም አላት። የመጀመሪያው ክለብ በኮቤ አጠገብ ባለው በሮኮ ተራራ ላይ የተመሠረተው በ1903 ነው። ሕዝቡ በጎልፍ ፍቅር የወደቀው ግን በ1957 ነው። በዚያ ዓመት የካናዳ ካፕ የተባለው የአገሮች ውድድር በካሱሚጋሴኪ የጎልፍ ክለብ ተካሄደ፤ ቶራኪቺ ናካሙራና ኮይቺ ኦኖ አሜሪካኖቹን ሳይቀር አሸንፈው ለጃፓን ዋንጫውን አነሱ። በ1973 ደግሞ የጃፓን ጎልፍ ቱር፣ ማለትም የባለሙያዎች ተከታታይ ውድድር፣ ተጀመረ። በዚያ ቱር ላይ ጃምቦ ኦዛኪ 94 ጊዜ አሸንፏል።

የጎደለው አንድ ነገር ነበር። የአሜሪካው ፒጂኤ ቱር በጃፓን ምድር መደበኛ ውድድር አዘጋጅቶ አያውቅም። ጃፓናዊው ተመልካች ከዋክብቱን ሲያይ የኖረው ለግብዣ ውድድር ሲመጡ ወይም ሌሊት ተነስቶ በቴሌቪዥን ነበር። ዞዞ ይህን ቀየረው። 78 ተጫዋቾች ይገቡ ነበር፣ በመሃል የሚቀነስ አልነበረም፤ የጃፓን ቱር ተጫዋቾችም የራሳቸው ኮታ ነበራቸው። የ2019 ጠቅላላ ሽልማት 9.75 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ የታይገርን ነገር በደንብ ንገረን። እኔ የማውቀው ማሸነፉን ብቻ ነው።

በደስታ። ታይገር ውድስ በዚያን ጊዜ 43 ዓመቱ ነው። በሚያዝያ ሜጀር ከሚባሉት አራት ታላላቅ ውድድሮች አንዱን፣ ማስተርስን፣ አሸንፎ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል። ከዚያ ግራ ጉልበቱ አስቸገረው፣ በነሐሴ ቀዶ ጥገና አደረገ። ቺባ የደረሰው ከዚያ ተነስቶ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀዳዳዎች በተከታታይ ቦጊ አደረገ። ብዙ ሰው «አበቃለት» ብሎ ነበር። ከዚያ ከዙሩ 18 ቀዳዳዎች በቀሩት 15 ላይ ዘጠኝ በርዲ ሠራና ቀኑን በ64 ምት ዘጋው!

ዓርብ ዝናቡ መጣ፣ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ያ ዝናብ ቺባ ውስጥ የሰው ሕይወት የቀጠፈ ነው፤ አካባቢው ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት በሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች ተመትቶ ነበር። ቅዳሜ ሜዳው ጭቃ ስለነበረ ጨዋታው ያለ ተመልካች እንዲካሄድ ተወሰነ። ታይገር አሁንም 64። እሑድ የጠፋውን ቀን ለማካካስ 29 ቀዳዳ ተጫወተ። ጀርባው ብዙ ጊዜ ለተቀደደ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ጨለማ ሲይዛቸው ሰባት ቀዳዳ ቀርቶት በሦስት ምት እየመራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሲመለስ ገና በጀመረበት በ12ኛው ቀዳዳ ቦጊ ገጠመው። ከኋላው የሚከተለው ደግሞ የአገሬው ልጅ ሂዴኪ ማትሱያማ ነው። ታይገር 14ኛው ላይ በርዲ ሠርቶ ተረጋጋ፣ 18ኛውን ደግሞ በበርዲ ዘጋ። ድምሩ 261፣ ከፓር 19 በታች፤ በሦስት ምት አሸነፈ።

ይህ 82ኛ የፒጂኤ ቱር ድሉ ሆነ። የክብረ ወሰኑ ባለቤት አሜሪካዊው ሳም ስኒድ 82ኛውን ያገኘው በ1965፣ በ52 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ የደረሰ አልነበረም። እስካሁንም የታይገር የመጨረሻ የቱር ድል ይሄው የጃፓኑ ነው።

ጥያቄ፦ በዚያ ቅዳሜ አንድ ቀዳዳ አሳጠሩት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እኔም ከሁሉ የምወደው ዝርዝር ይሄ ነው። 10ኛው ቀዳዳ ወትሮ 375 ያርድ ገደማ ነው። ሜዳውን ውሃ ስላጥለቀለቀው መነሻውን ወደፊት አምጥተው 140 ያርድ አደረጉት። ፓሩ ግን አራት እንደሆነ ቀረ! የዓለም ምርጦች በአንድ ምት ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው ባለበት አጭር ሣር ላይ፣ ያሳርፉና ለኢግል ይሞክራሉ። እንዲህ ያለ ነገር በትልቅ ውድድር ላይ አይታይም። አዘጋጆቹን ግን አልወቅስም፤ ሜዳውን ለጨዋታ ለማብቃት ሌሊቱን ሙሉ ለለፉት ሠራተኞች ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ላይ ሳይ አንድ ቀዳዳ ሁለት ግሪን ያለው መሰለኝ። ተሳስቼ ነው?

አልተሳሳትሽም። ውድድሩ ይካሄድበት የነበረው ናራሺኖ ካንትሪ ክለብ፣ ኢንዛይ ከተማ ያለው፣ በየቀዳዳው ሁለት ግሪን አለው። ይህ የጃፓን የቆየ ልማድ ነው። ክረምታቸው ሞቃትና እርጥብ ነው። ኳስ በደንብ የሚንከባለልበት ቤንት የሚባለው ሣር ሙቀቱን አይችልም ነበር፤ ኮራይ የሚባለው የአካባቢው ሣር ደግሞ ሙቀት ይችላል፣ ግን ሻካራ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ተክለው እያፈራረቁ ይጠቀሙ ነበር። ናራሺኖ ሌላም ጠባይ አለው፦ ፓሩ 70 ሲሆን ፓር ሦስት የሆኑ አምስት ቀዳዳዎች አሉት። ከመነሻው ላይ በጉልበት ብቻ ለሚመካ ሰው አይመችም።

ጥያቄ፦ በ2020 አሜሪካ ተካሄደ የሚሉት ለምንድን ነው?

በኮሮና ምክንያት። ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ሸርውድ የጎልፍ ክለብ ተዛወረ፣ ያለ ተመልካች። ፓትሪክ ካንትሌይ በአንድ ምት አሸነፈ። እውነት ለመናገር እኔ ያንን ከጃፓኑ ታሪክ ጋር መቁጠር ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ለጃፓናውያን ትልቁ ዓመት የትኛው ነው? የታይገር ነው?

ለእኔ 2021 ነው፣ ያውም ያለ ጥርጥር። በሚያዝያ ማትሱያማ ማስተርስን አሸንፎ ሜጀር ያነሳ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ወንድ ሆኗል። በነሐሴ በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ እዚያው በ1957ቱ ካሱሚጋሴኪ፣ ለነሐስ በተደረገው የሰባት ሰው መለያ ጨዋታ ወድቆ ባዶ እጁን ወጣ። የኦሎምፒኩን ጎልፍ ሕዝቡ ሜዳ ገብቶ አላየም፤ ተመልካች ተከልክሎ ነበር።

በጥቅምት ዞዞ ላይ በሮቹ በቁጥር ተገድበውም ቢሆን ተከፈቱ። ያን ሁሉ ወር ልጃቸውን በስክሪን ብቻ ያዩ ሰዎች በአካል አገኙት። እሱም የመጨረሻውን ቀዳዳ በኢግል ዘግቶ በአምስት ምት አሸነፈ። ታይገር ቁጥር አስመዝግቧል፤ ማትሱያማ ግን የገዛ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ነው ዋንጫውን ያነሳው። ዞዞ ለዚህች ቀን ብቻ እንኳ ቢፈጠር ይበቃው ነበር።

ጥያቄ፦ የቀሩትን አሸናፊዎች ባጭሩ?

2022 ኪገን ብራድሊ፣ ከአራት ዓመት ድርቀት በኋላ። 2023 ኮሊን ሞሪካዋ፣ በስድስት ምት ልዩነት፤ በዘሩ ጃፓናዊ ደም ያለበት አሜሪካዊ ስለሆነ ሕዝቡ እንደራሱ ልጅ ነው የተቀበለው። 2024 ኮሎምቢያዊው ኒኮ ኤቻቫሪያ፣ ጀስቲን ቶማስንና ማክስ ግሬይሰርማንን በአንድ ምት ቀድሞ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ካማረ ለምን ቆመ?

ውሉ ስላለቀ። ስምምነቱ የስድስት ዓመት ነበር፣ በ2024 ተጠናቀቀ። የጎልፍ ውድድር ስሙም ሽልማቱም የሚመጣው ከስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰሩ ሲወጣ ስሙ አብሮ ይወጣል። በ2025 ቤይካረንት የተባለ የጃፓን አማካሪ ድርጅት ገባና ውድድሩ ቤይካረንት ክላሲክ ተብሎ ወደ ዮኮሃማ ካንትሪ ክለብ ሄደ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያው ውድድር ነው ወይስ ሌላ?

ወሩ ያው ጥቅምት፣ ተጫዋቹም ያው 78 ነው። ሜዳው፣ ስሙና ዋንጫው ግን ሌላ ስለሆነ እኔ ለይቼ ነው የምቆጥረው። ግሬይሰርማን ግን በዚህ የሚስማማ አይመስለኝም፦ በ2024 በናራሺኖ በአንድ ምት ሁለተኛ ወጣ፤ በ2025 በዮኮሃማ ደግሞ ዛንደር ሾፍሊ እንደገና በአንድ ምት ቀደመው።