የናሙናዬን ውጤት እየጠበቅኩ ሌሊቱ አልነጋ አለኝ

ጥያቄ፦

ለአምዱ አዘጋጅ፣ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ መሥሪያ ቤቴም ከዚያው ሩቅ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ግራ ጡቴ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት አግኝቼ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አልትራሳውንድ ከታየሁ በኋላ ሐኪሙ ወፈር ባለ መርፌ ናሙና ወስዶ «ውጤቱ በ10 ቀን ይደርሳል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ ሆዴ ባር ባር ይላል። ሌሊት ስለ ካንሰር ከስልኬ ላይ አነባለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥርም ይብስብኛል። እናቴ ደም ግፊት ስላለባት አልነገርኳትም። የምታውቀው አክስቴ ብቻ ስትሆን እሷም «ወረቀቱን ተይውና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ግቢ» ትለኛለች። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ሐኪሙ ክፉ ነገር ካገኘ ለወንድሜ ነግሮ ለእኔ እንዳይደብቀኝ ነው፤ አባቴ በታመመ ጊዜ የተደረገው ይኸው ነበር። እስከዚያ ቀን እንዴት ልክረም?

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ያሰፈሩት ስጋት ለሌሎቹ ሁሉ ሥር ሆኖ ስላገኘሁት ከእሱ እጀምራለሁ። በአገራችን መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ ይረዳል እንጂ ሐዘንተኛው ብቻውን በድንገት እንዲሰማ አይደረግም። ይህን ሥርዓት አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ከቀብርና ከለቅሶ አልፎ ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ፣ ገና በሕይወት ያለውንና ስለ ገዛ አካሉ መወሰን ያለበትን ሰው ከሁሉ በኋላ የሚሰማ ያደርገዋል። በዚያ ላይ በአባትዎ ላይ የሆነውን ያየ ሰው የወንድሙን ዝምታ፣ የነርሷን ፊት፣ ሳይነሳ የቀረውን ስልክ ሁሉ መርዶ አድርጎ መተርጎሙ አይቀርም። ስለዚህ የውጤቱ ቀን ከመድረሱ በፊት ሐኪምዎን በአካል ወይም በስልክ አግኝተው «ውጤቴን ከማንም አስቀድመው ለእኔ ይንገሩኝ፤ ሲነግሩኝም አብራኝ የምትሆነው እገሌ ናት» ይበሉ፤ ይህ ቃልዎ በካርድዎ ላይ እንዲጻፍም ይጠይቁ። የሕክምና ምስጢር የታካሚው ነውና ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከማን፣ የትና እንዴት እንደሚሰሙ ካወቁ ጭንቀቱ ባይጠፋ እንኳ የሰውን ፊት ከማንበብ ያርፋሉ።

ቀጥሎ በእነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ናሙናዎ ምን እየሆነ እንዳለ ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው የቀኑን መርዘም ራሱን እንደ ክፉ ምልክት ሲቆጥረው አያለሁና። ከጡትዎ የተወሰደው ቁራጭ በመጀመሪያ እንዳይበላሽ ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል። ከዚያም በየደረጃው በሚጠነክር አልኮል ውኃው ይወጣለትና በቀለጠ ፓራፊን፣ ማለትም በሰም፣ ተሞልቶ ይጠነክራል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ሌሊት ይወስዳል። ሰሙ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር በሚደርስ ስስነት ይቆረጣል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን ስናስብ የሥራው ጥንቃቄ ይገባናል። የተቆረጠው በመስታወት ላይ ተነጥፎ የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ፣ የቀረውን ሮዝ በሚያደርጉ ሁለት ቀለሞች ከተነከረ በኋላ የፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል። የዚህ ሙያ ሐኪሞች በአገራችን ጥቂት ናቸው፣ ወረፋውም ብዙ ነው። ሐኪሙ ተጨማሪ ቁራጭ ወይም ሌላ ዓይነት ቀለም ሊያዝዝ፣ ከባልደረባው ጋርም ሊመካከር ይችላል፤ ይህም የሚደረገው ለጥሩውም ለክፉውም ውጤት ነው። እንግዲህ 10 ቀን የተባለው 13 ቢሆን ደውለው ይጠይቁ እንጂ ከመዘግየቱ ውስጥ ትርጉም አይፈልጉ። በጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አለመሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መናገር ስለማልችል «ምንም አይደለም» ብዬ አላታልልዎትም።

የሚሰማዎት ጭንቀት የእምነት ማነስም የባሕርይ ድክመትም አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ፈቃደኛ ሰዎችን እጃቸው ላይ ቀላል ነገር ግን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት እያደረሱ ፈትነው ነበር። ከሁሉ የበለጠ የተጨነቁት ንዝረቱ በእርግጥ እንደሚመጣ ባወቁ ጊዜ ሳይሆን ይምጣ አይምጣ እኩል በእኩል በሆነባቸው ጊዜ ነው። እርስዎ አሁን ያሉት በዚያ መካከል ነው። የስልኩ ንባብም የሚያባብስብዎት ስለዚህ ነው፤ እርግጠኝነት ፍለጋ ይገቡና ሌላ መቶ ጥርጣሬ ይዘው ይወጣሉ። ማታ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጭ ያስቀምጡት። ሐሳቡን ጨርሶ ለመከልከል መታገል ግን አይሆንም፤ ይልቁንም ሰዓት ይስጡት። በ1983 እ.ኤ.አ. ቶማስ ቦርኮቬክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ዘዴ በየቀኑ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሆን ብሎ መጨነቅን፣ በሌላ ሰዓት የመጣውን ጭንቀት ደግሞ ለዚያ ሰዓት ማቆየትን የሚጠይቅ ነው። እርስዎ ለምሳሌ ከሥራ መልስ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ወረቀት ይዘው ይቀመጡ፤ የሚፈሩትን ሁሉ፣ ሐኪሙን የሚጠይቁትንም ጭምር ይጻፉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ደብተሩን ዘግተው ይነሱ፤ እግርዎ ካልደከመም ከሚያዝያ 27 አደባባይ በአምስት ኪሎ በኩል እስከ የካቲት 12 ሐውልት በእግር ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የማይሠራ ይመስላል፤ ቢሆንም አያቋርጡት።

ቡናን በተመለከተ፣ በቤትዎ የሚፈላው ቡና በረካው እስኪወርድ የሚጠጣ ከሆነ አሁን ከአቦሉ አይለፉ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም ይቅርብዎ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የልብ ምቱንም ያፈጥነዋል። ሌሊት ሲነቁ ደግሞ አየሩን ካስገቡበት ጊዜ በላይ አርዝመው ቀስ እያሉ ያስወጡ፤ ጥቂት ደቂቃ ሲደጋገም ልብን ያረጋጋል።

የአክስትዎን ምክር ከአንድ ነገር በቀር ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ጸሎቱም ጸበሉም ለሚያምን ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ማለዳ ቅድስት ሥላሴ ኪዳን አድርሰው ቢመለሱ ቀኑ ሌላ መልክ ይኖረዋል። «ወረቀቱን ተይው» የሚለውን ግን አይስሙ፤ ብለምንዎ ይህን አንዱን እለምንዎታለሁ። የጡት ካንሰር ቢሆን እንኳ ቀድሞ ሲደረስበት የመታከም ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወራት ያለፉበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እናትዎን በሚመለከት ለጊዜው ዝም ማለትዎን አልነቅፍም። ቢሆንም ከአክስትዎ ሌላ አንዲት የምታዳምጥ ሰው ያስፈልግዎታልና ለቅርብ ጓደኛዎ ይንገሯት፤ በውጤቱ ቀንም አብራዎት የምትሄደው እሷ ትሁን።

እንቅልፉ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሥራ መሥራት ካቃትዎት፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ውጤቱን ሳይጠብቁ ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለከባድ ሕመም ብቻ ነው የሚለው የከተማችን ወሬ ብዙ ሰው ከእርዳታ አስቀርቷል፤ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣትም ይታከምበታል።

አንድ ነገር ላክል። በብዙ ሐኪም ቤቶች ውጤቱ በፖስታ ታሽጎ ለታካሚው ይሰጥና ታካሚው ራሱ ወደ ሐኪሙ ይወስደዋል። ወረቀቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛና በባለሙያ ቋንቋ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ቀደው አንድ ቃል በስልክ መፈለግ የጀመሩ ሰዎች ስንት ሌሊት በከንቱ እንዳለቀሱ አውቃለሁ። ስለዚህ በወረቀቱና በሐኪሙ መካከል ሌሊት እንዳይገባ ሐኪሙ በሚገኝበት ቀን፣ ጠዋት፣ ከጓደኛዎ ጋር ሄደው ይቀበሉት። እሷ መልሱን ትጻፍ፤ እርስዎ ያዳምጡ። ውጤቱ ደህና ቢሆንም እንኳ እብጠቱ ይወጣ ወይስ ክትትል ይበቃዋል፣ ቀጣዩ ቀጠሮስ መቼ ነው ብለው ሳይጠይቁ ከክፍሉ አይውጡ።