ለድረ ገጽ ስንት ልክፈል? የጎጃም ነጋዴዎች ጥያቄና መልስ

ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ አሁን የምሠራው ባሕር ዳር ተቀምጬ ነው። «ስለ ድረ ገጽ ዋጋና ውል የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበርና ከደጀን ማዶ እስከ ባሕር ዳር ካሉ ነጋዴዎች የመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ሥራቸውንና ከተማቸውን ብቻ ጽፌያለሁ።

ጥያቄ (ከብቸና፣ የጤፍ ነጋዴ)፦ ወንድሜ፣ ዋጋ ጠይቄ ግራ ገባኝ። አንድ የሰፈራችን ልጅ በ5,000 ብር እሠራለሁ አለኝ፤ ከአዲስ አበባ ያገኘሁት ድርጅት ደግሞ 180,000 ብር ጠየቀኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ፤ የሚሸጡልዎት ነገር ግን አንድ አይደለም። ማኛውንና ሰርገኛውን በአንድ ዋጋ የሚጠይቅ ገዢ እንደሌለ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። በ5,000 ብር የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በነጻ የሚገኝ ዝግጁ ቅጽ ወስዶ የእርስዎን ስምና ስልክ መተካት ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በ180,000 ብሩ ውስጥ ደግሞ ዕቃ ማዘዣ፣ ክፍያ መቀበያ፣ የመጋዘን ክምችት መከታተያ ሊኖር ይችላል፤ እርስዎ ግን ይህን ሁሉ አልጠየቁ ይሆናል።

እኔ ዋጋ የማወጣው በሥራ ቀን ቆጥሬ ነው። ለእርስዎ ንግድ አምስት ገጽ ያለው ድረ ገጽ ብሠራ፣ ከእርስዎ ጋር ተቀምጦ ጽሑፉን ለማዘጋጀት 2 ቀን፣ ፎቶ ለማንሣትና ለመምረጥ 1 ቀን፣ ለንድፉ 2 ቀን፣ ለግንባታው 3 ቀን፣ በተለያዩ ስልኮች ለመፈተሽ 1 ቀን፣ ሠራተኛዎን ለማሠልጠን 1 ቀን ይፈጅብኛል። በድምሩ 10 ቀን ነው። የቀን ዋጋዬ 4,000 ብር ስለሆነ 40,000 ብር እጠይቃለሁ። የሌላው ባለሙያ የቀን ዋጋ ከዚህ ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል፤ ቀኖቹን ግን እንዲዘረዝርልዎት ይጠይቁት። መዘርዘር ያቃተው ሰው ሥራውን ገና አላሰበበትም። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባም አስቀድመው ይወቁ፤ በ180,000 ብር ላይ 27,000 ብር ማለት ነውና ቀላል አይደለም።

ደግሞም በየሳምንቱ የሚያድስ ሰው ከሌለዎት የኩንታሉን ዋጋ ድረ ገጹ ላይ አያስጽፉ። ያለፈውን ዓመት ዋጋ አይቶ የደወለ ገዢ አታለሉኝ ይላል። የጤፉን ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ ስንት ኩንታል ማቅረብ እንደሚችሉ፣ እስከ የት እንደሚያደርሱ ይጻፍ፤ ዋጋውን በስልክ ይነጋገሩበት።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ የፔንሲዮን ባለቤት)፦ እንግዶቼ ሾፌሮችና መንገደኞች ናቸው። ድረ ገጽ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አሁን አያስፈልግዎትም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደብረ ማርቆስን ሲያልፍ መሽቶበት የሚያድርበትን የሚፈልገው በስልኩ ካርታ ላይ ነው። ጉግል ማፕ ላይ ንግድን ማስመዝገብ በነጻ ነው። ስሙን በአማርኛም በላቲን ፊደልም ያስገቡ፤ የመኝታ ክፍሉን፣ የመኪና ማቆሚያ ግቢውን፣ የመታጠቢያውን ፎቶ ይጫኑ፤ የሚነሣ ስልክ ቁጥር ያስቀምጡ። ለድረ ገጽ ያሰቡትን ገንዘብ ለሙቅ ውኃው ቢያውሉት እንግዳው የበለጠ ያመሰግንዎታል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የቤት ዕቃ ሠሪ)፦ ወንድምዓለም፣ ድረ ገጼን የሠራልኝ ልጅ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። የድረ ገጹ ስምም በእርሱ እጅ ነው አሉኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው፤ ጥፋቱን እኔም ሠርቼዋለሁና። በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ድረ ገጽ ሠራሁ። ዶሜኑን፣ ማለትም ሰው ድረ ገጹን ለማግኘት የሚጽፈውን ስም፣ ያስመዘገብሁት በራሴ ኢሜይል ነበር። ክፋት አስቤ ሳይሆን ለእኔ ስለቀለለኝ ነው። በዓመቱ «ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ አድስ» የሚለው መልእክት እምብዛም ወደማልከፍተው ኢሜይል መጣ። አላየሁትም። ስሙ ወደቀ፣ ሌላ ሰው ገዛው፤ እርሷ በሱቋ ታፔላ ላይ ያስጻፈችው አድራሻ የማታውቀው ሰው ገጽ ሆነ። ገንዘቧን መለስሁ፣ አዲስ ስም ገዝቼ እንደገና ሠራሁላት፤ ታፔላውን ግን አስፍቃ እንደገና ማስጻፍ ነበረባት። ከዚያ ወዲህ የደንበኛን ዶሜን በራሴ ስም አስመዝግቤ አላውቅም።

ወደ አንተ ጉዳይ ልመለስ። ዶሜን አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ንብረት አይደለም፤ በየጊዜው ኪራዩ ይከፈላል። ስሙ በዶት ኮም የሚያልቅ ከሆነ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ብዙዎቹ መዝጋቢ ድርጅቶች ጥቂት ሳምንታት የእፎይታ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ቀጥሎ ቅጣት እየተከፈለ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ተዘግቶ ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ የዶሜን መረጃ በሚያሳይ ገጽ ላይ ስሙን አስገብተህ የት እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ እይ። የባለቤቱ ስም ሊደበቅ ይችላል፤ መዝጋቢውና ቀኑ ግን ይታያሉ።

ቀጥሎ ልጁን ፈልገው። ደብረ ማርቆስ ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም፤ ስልኩን ቢዘጋም ቤተሰብ አለው፣ ሽማግሌ ላክበት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ልጅ የሚሸሸው ሥራውን ስላልጨረሰና ስላፈረ ነው። ቀሪ ሒሳብ ካለው ከፍለህ የመዝጋቢውን የይለፍ ቃል ወይም የማዛወሪያ ኮዱን ተቀበል። እምቢ ካለ ደረሰኝህንና የንግድ ፈቃድህን አያይዘህ ለመዝጋቢው ጻፍ፤ ይሁን እንጂ በመዝገባቸው ላይ ያለው ስም የእርሱ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አታድርግ። ሁሉም ካልሆነ አዲስ ስም ግዛ። የድሮውን ጽሑፍና ፎቶ ዌይባክ ማሽን የተባለው የድረ ገጾች ማኅደር አስቀምጦት ሊሆን ስለሚችል እዚያ ፈልግ።

ሌሎቻችሁም ስሙኝ። ቤት ስትገዙ ቁልፉንና ካርታውን ሳትቀበሉ የመጨረሻውን ብር አትከፍሉም። የዶሜኑ መለያ፣ ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የሆስቲንግ መለያ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልና የድረ ገጹ ሙሉ ቅጂ በእጃችሁ ይግቡ። ኢሜይሉ የእናንተ፣ የሚመዘገበው ስልክም የእናንተ ይሁን። ኢሜይል የሌለው ሰው ከድረ ገጹ በፊት ኢሜይል ይክፈት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት)፦ በየዓመቱ የምከፍለው ከእጥፍ በላይ ሆነብኝ። ሠሪው ዋጋ ጨመረ ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

መልስ፦ ሠሪው ላይሆን ይችላል። ዶት ኮም የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ሆስቲንጉም ከውጭ ከተገዛ እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አንድ ዶት ኮም ስም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር፣ ለትንሽ ድረ ገጽ የሚበቃ የጋራ ሆስቲንግ ደግሞ ከ40 እስከ 100 ዶላር ያስወጣል። የዕለቱን ምንዛሪ ይዘው ያባዙት፤ ከዚያ በላይ የተጠየቁት የሠሪው የእንክብካቤ ዋጋ ነው፤ ምን እንደሠራበት ያስረዳዎት። በብር መክፈል ከመረጡ ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው፣ በዶት ኢቲ የሚያልቀው የአገራችን ዶሜን አለ።

ብዙ ሰው የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ የኢንተርኔት መክፈቻዎች ከአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት እንዲያሳዩ የሚያደርገውን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ ይሰጣል። ለእንግዳ ማረፊያ እርሱ ይበቃል። ለዚህ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ብር የጠየቃችሁ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት።

ጥያቄ (ከእንጅባራ፣ ጋቢና ቀሚስ የምታሸምን)፦ ድረ ገጼ በአማርኛ ይሁን በአዊኛ ወይስ በእንግሊዝኛ? ያለኝ ጽሑፍ ድሮ ለበራሪ ወረቀት ያስጻፍሁት ነው።

መልስ፦ እታለም፣ ቋንቋውን የሚወስነው ገዢሽ ነው። ጋቢሽን የሚገዙት አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ የአገር ልጆች ከሆኑ አማርኛው ይቅደም፤ እንግሊዝኛውን አንድ ገጽ አድርጊው። አዊኛውንም አትተዪው፤ ጥለቱ ከየት እንደመጣ በራሱ ቋንቋ ሲነገር ያምራል። ነገር ግን አዊኛ አማርኛ የማይጠቀምባቸው ፊደሎች ስላሉት፣ የተመረጠው የፊደል ቅርጽ እነርሱን መያዙን ሠሪው ይፈትሽ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰሉ ነጻ ቅርጾች አሉ።

የድሮው ጽሑፍሽ ያሠጋኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ማተሚያ ቤቶች ለብዙ ዓመት የተጠቀሙባቸው የአማርኛ መጻፊያዎች ከውስጥ የላቲን ኮድ ላይ የግዕዝ መልክ የሚያለብሱ ነበሩ። በወረቀት ሲታተም አያስታውቅም። ድረ ገጽ ላይ ሲገለበጥ ግን ማንም የማያነበው የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስለዚህ ወይ በመቀየሪያ ይለወጣል ወይ እንደገና ይተየባል፤ የማን ሥራ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። እኔ 30 ገጽ የሚሆን ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ከእንደገና አስተይቤ አውቃለሁ፤ ሳንነጋገርበት ስለጀመርን ወጪው በእኔ ላይ ወደቀ።

ደግሞ አንዱ ገዢ «ሀበሻ ቀሚስ»፣ ሌላው «ሐበሻ ቀሚስ» ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ቃል ነው። በርዕሱ አንዱን፣ በፎቶው መግለጫ ሌላውን ጻፊው።

ጥያቄ (ከቡሬ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ)፦ በ30,000 ብር ጉግል ላይ አንደኛ አወጣሃለሁ ያለኝ ሰው አለ።

መልስ፦ አትክፈለው። አንደኛ እንደምትወጣ ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ ማር ሻጭ)፦ ለፎቶ ባለሙያ መቅጠር አለብኝ?

መልስ፦ ደኅና ስልክ ካለሽ ግዴታ አይደለም። ማሩን ጠዋት በመስኮት አጠገብ አስቀምጠሽ አንሺው፤ ብርሃኑ ከጎን ሲገባ ቀለሙ እውነተኛውን ይመስላል። ቀፎውን፣ እጅሽን፣ ሲቀዳ አንሺ። ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ማር ወስደሽ አትለጥፊ፤ የባለፎቶው መብት ነው፣ ገዢውም የመጣለት ማር ሌላ ሲሆን ይከፋል። ሠሪው ፎቶዎቹን ማሳነሱን አረጋግጪ። ከስልክ የወጣ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን 10 ፎቶ 50 ሜጋባይት ነው፤ ይህን የሚከፍለው ከጥቅሉ ላይ ደንበኛሽ ነው። እያንዳንዱ ከ200 ኪሎባይት በታች ወርዶ እንኳ በስልክ ላይ ያምራል።

ጥያቄ (ከዳንግላ፣ ማተሚያ ቤት)፦ ቀብድ ስንት ልስጥ? ውል ያስፈልጋል ወይ?

መልስ፦ አንድ ገጽም ቢሆን ይጻፍ። ስንት ገጽ፣ በስንት ቀን፣ ከተሠራ በኋላ ስንት ጊዜ ማስተካከያ በነጻ፣ የዓመቱ ወጪ ስንት፣ ቁልፎቹ፣ ማለትም መለያዎቹና የይለፍ ቃሎቹ፣ መቼ ይሰጣሉ የሚሉት ይስፈሩ። እኔ ስጀምር 40 በመቶ፣ ንድፉ ሲጸድቅ 40 በመቶ፣ ቁልፎቹን ሳስረክብ 20 በመቶ እቀበላለሁ። ሙሉውን ቀድሞ የሚጠይቅም፣ ሥራው አልቆ ሳለ የመጨረሻውን ክፍያ ለወራት የሚያጓትትም ሰው ልክ አይደለም። ከምታውቁት በላይ ብዙ ድረ ገጽ የሚዘገየው ደንበኛው ጽሑፍና ፎቶ ሳይሰጥ ስለሚቆይ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ)፦ ታካሚዎች ሕመማቸውን ጽፈው ቀጠሮ እንዲይዙ ማድረግ እንፈልጋለን።

መልስ፦ ቀጠሮው ይሁን፣ ሕመሙ ግን አይጻፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ አስገብቶታል። ስም፣ ስልክና የሚመች ሰዓት ይበቃል፤ የቀረውን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ (ከመራዊ፣ የዶሮ እርባታ)፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ድረ ገጹስ?

መልስ፦ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ ለሌላው ይታያል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እኛ ከዚህ ማየት ያልቻልነውን ድረ ገጽ አዲስ አበባ ያለ ሰው ከፍቶ ስልክ ቁጥር ያገኝበት ነበር። ስለዚህ ቴሌግራም ብቻ ሳይሆን መደበኛ ስልክ ቁጥርም በጉልህ ይጻፍ።

ጥያቄ (ከአማኑኤል፣ ባለ ሱቅ)፦ የእኅቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት ናት። እርሷ ብትሠራልኝስ?

መልስ፦ ትሥራልዎት። ወርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነጻ ነው፤ ለሱቅዎ የሚበቃ ድረ ገጽ በእረፍቷ ወር ልታደርስ ትችላለች። ነገር ግን የሥጋ ዘመድ ናት ብለው ያለ ውልና ያለ ክፍያ አያሠሯት። ዶሜኑ በእርስዎ ስም ይሁን፣ የይለፍ ቃሎቹን በወረቀት ጽፋ ታስረክብዎት፣ በየዓመቱ የሚታደስበትን ቀን ከደብተርዎ መጀመሪያ ገጽ ላይ ትጻፍልዎት። ቀኖቿን ቆጥረው ይክፈሏት፤ ጀማሪ ስለሆነች የቀን ዋጋዋ ከእኔ ግማሽ ቢሆን ያስማማል። ችግር ከገጠማት ስልኬን ይስጧት፣ ለእርሷ አላስከፍልም።