የቱ ጋ ደረሳችሁ? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም "አሁን እጃችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ ምንድነው፣ ወዳችሁታል ወይ?" ብለን ጠይቀን ነበር። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲ የመጣውን መልስ ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ግን አብዛኛው ሰው ርዕሱን ብቻ ጽፎ ነው የላከው። ርዕስ ብቻ ሲነገረኝ መጽሐፉን ፈልጌ አላነበውም፣ እውነቴን ነው። የቱ ጋ እንደደረሳችሁ፣ ማን ላይ እንደተናደዳችሁ፣ የትኛውን ገጽ ሁለቴ እንዳነበባችሁ ስትነግሩኝ ግን ያንን መጽሐፍ ሳላገኘው እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚ ዛሬ ጥያቄ ይዘው የመጡትን መርጫለሁ፣ መልሱንም በዛው መንገድ ነው ምሰጠው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እናቴ ድሮ መነጽር አድርጋ ታነብ ነበር፣ አሁን ዓይኗ ደክሟል። ማታ ማታ እኔ ነኝ ማነብላት፣ ድርሳነ ሚካኤልም ተአምረ ማርያምም ጨርሰን ደግመናል። አሁን የዓለሙንም ነገር አንብቢልኝ ትላለች፣ ግን የዘመኑን ልቦለድ ስጀምርላት "ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?" ብላ ታስቆመኛለች። ምን ላንብብላት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እሰይ የኔ እህት፣ እግዜር ይስጥሽ። እናትሽ ትክክል ናቸው፣ የዛሬ ልቦለድ ብዙው ለዓይን ነው የተጻፈው፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይደርቃል። እኔ ለሳቸው ምመርጥላቸው "መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ"ን ነው። ፀሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ አባቱን አለቃ ለማን ቁጭ አድርጎ እየጠየቀ፣ ሲያወሩ በቴፕ ቀድቶ፣ ያንን ንግግር ወደ ጽሑፍ መልሶ ነው በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው። ስለዚ ከዳር እስከ ዳር ከሰው አፍ የወጣ አማርኛ ነው፣ ሽማግሌው ከአንዱ ወግ ወደ ሌላው እየዘለሉ ስለ ቤተ ክህነት ትምህርቱ፣ ስለ ቅኔው፣ ስለ ምኒልክ ዘመን ሰው ያወጋሉ፣ አንቺ ምትጨምሪበት ነገር የለም፣ ድምፅሽን ብቻ ነው ምታበድሪያቸው። ብርዱ ሲጠና ባናውን ተከናንባችሁ እሳቱ ዳር ለማንበብ ከዚ የተሻለ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። እያነበብሽ እናትሽ አቋርጠው "እኛም አገር እኮ እንዲህ ነበር" ብለው ከጀመሩ መጽሐፉን እጠፊው። ገጹ የትም አይሄድም። ስልክሽን አውጥተሽ ድምፃቸውን ቅጂ፣ ልጅነታቸውን፣ ሠርጋቸውን፣ በየትኛው መንገድ የትኛው ገበያ እንደሚሄዱ፣ ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ሁሉንም። መንግሥቱ ለማ ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ያኔ ቴፕ ሪኮርደር ያለው ሰው ስንት ነበር፣ ዛሬ ግን ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ። ስንቱ አዛውንት ከነወጉ እያለፈ እኛ ስልካችንን ለሌላ ነገር ስንጠቀምበት ያሳዝነኛል። የምታነቢላቸው መጽሐፍ የሳቸውን ወግ ካወጣው ከዛ በላይ ምን ይፈለጋል።

ጉሮሮሽ ሲደክም ደግሞ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ክፈቺላቸው፣ ቅጂው ዛሬም ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ ይዞራል። ምናልባት እናትሽ ያኔ በሬዲዮ ሰምተውት ይሆናል፣ ጠይቂያቸው እስኪ።

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ አንብብ አንብብ ሲለኝ ፍቅር እስከ መቃብርን ጀመርኩ። መጀመሪያው ላይ ጥሩ ሄድኩ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጋ ስደርስማ ሌሊቱን ሁሉ ነው ያነበብኩት። ከዛ የፊታውራሪ መሸሻና የገበሬዎቹ ጭቅጭቅ መጣና ቆምኩ። እኔ ፍቅሩን ነበር የፈለኩት። ያንን ክፍል ልዝለለው ወይስ መጽሐፉን ልተወው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ወንድሜ እንዳትዘለው፣ መተውማ ጭራሽ። ሌላ መጽሐፍ ቢሆን ካልያዘህ ተወው እልህ ነበር፣ ሰው ያልወደደውን መጽሐፍ እየጎተተ ስድስት ወር ሲቀመጥ ማንበብ ራሱ ያስጠላዋል። እዚ ላይ ግን አንተ የቆምክበት ቦታ ነው የመጽሐፉ ወገብ።

እስኪ አስበው፣ ሰብለ ለምንድነው እስከዛ ዕድሜዋ ሳታገባ የቆየችው? አባቷ ለዘራችን የሚመጥን የለም እያሉ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ስለመለሱ አይደል? ያው ኩራት ነው ገበሬው ላይም የወጣው። ቤት ውስጥ ልጅቷን ያፈነ ሰውዬ ሜዳ ላይ ደግሞ ገበሬውን ሊያፍን ሲሞክር ምን እንደሚገጥመው ነው ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ሚያሳይህ። ያንን ዘለህ ወደ ፍቅሩ ብትመለስ በዛብህ ምን እንደሚፈራ ጭራሽ አይገባህም፣ ተራ የሁለት ወጣቶች ፍቅር ይሆንብሃል።

ደሞ ዘመኑን አስታውስ። መጽሐፉ የታተመው 1958 ዓ.ም. ነው፣ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት 1957። ንጉሡ ዙፋን ላይ ናቸው፣ ባለ መሬቱ አለ፣ ጭሰኛውም አለ። በዛ ሰዓት አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ሰው ቁጭ ብሎ ገበሬ ለጌታው "አልሰጥም" ሲል በሰፊው መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። እዚ እኛ አገር ርስት በሰው አፍ ውስጥ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር አያትህን ብትጠይቅ ይነግሩሃል፣ ከዛ ተመልሰህ አንብበው፣ ጭቅጭቅ ያልከው ክፍል ችሎት ላይ ቆመህ ሙግት እንደመስማት ይሆንልሃል። ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ አትሩጥ፣ ቀስ በል። እኔ የሱን ንግግር ነው ሁሌ እየተመለስኩ ማነበው።

መጨረሻውን ማንም እንዳይነግርህ ብቻ ተጠንቀቅ። ስትጨርስ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ደራሲ ሲባል አዲስ አበባ የተወለደ ይመስላቸዋል። ከኛው አካባቢ የወጡ ጸሐፊዎችን ማስነበብ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? እርስዎስ አሁን ምን እያነበቡ ነው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ልቤን ነው የነካው፣ መልሱም ከደጃፍዎ ይጀምራል። ከበደ ሚካኤል እዛው መንዝ ውስጥ ገርም ገብርኤል ነው የተወለዱት። "ታሪክና ምሳሌ"ን ይያዙ። ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ታሪኩ አጭር ነው፣ ልጆቹ በቃላቸው ሊይዙት ይችላሉ። የድሮ ተማሪ ዛሬም ሽበት አብቅሎ ከዛ መጽሐፍ ግጥም ይወጣልዎታል፣ የተማሪዎቹን አያቶች ይሞክሯቸው። በንባብ ብቻ አይተዉት፣ ክፍል ውስጥ ቆመው ይበሉት፣ ለከበደ ሚካኤል ግጥም ድምፅ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፣ የመርሐቤቴ ሰው። እኚህ ሰው በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፣ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው መጥተው ያዩትን "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" ብለው ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤልም በኋላ "ጃፓን እንደምን ሠለጠነች" የሚል መጽሐፍ አላቸው። ይሄን ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ፣ አንዱ ከመርሐቤቴ አንዱ ከመንዝ ተነስተው ሁለቱም ዓይናቸው ጃፓን ላይ ነበር፣ ሁለቱም ሚጠይቁት እኛስ በምን መንገድ እንሠልጥን ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ካገኙ ግማሹ ክፍል አንዱን ግማሹ ሌላውን ይዞ ቢከራከር ምን አይነት ትምህርት ይወጣው ነበር! የኅሩይ አማርኛ መጀመሪያ ላይ ሊከብዳቸው ይችላል፣ እርስዎ አንድ ሁለት ገጽ ካነበቡላቸው በኋላ ግን ይለምዱታል።

እኔ ምን እያነበብኩ ነው ላሉኝ፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን "ኦቶባዮግራፊ" ነው። እሳቸውም የኛው ናቸው፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ሲያደብር የተወለዱ። ገና ልጅ እያሉ አድዋ ዘምተው፣ ከዛ ሩሲያ ተወስደው መድፈኛነት ተምረው፣ ተመልሰው "ፋቡላ" ሚባለውን ተውኔት የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣሊያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩ። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ። እኔ አሁን ያለሁት ከሩሲያ የተመለሱበት ጋ ነው፣ ቶሎ ማለፍም አልፈለኩም። ልጅ ሆኖ ሄዶ ትልቅ ሰው ሆኖ መመለስ፣ ያውም ከዛ ሁሉ ትምህርት በኋላ ሁሉ ነገር እንደነበረ ሆኖ ሲጠብቅህ፣ ቁጭታቸው ከወረቀቱ ላይ ይነሳል። ዛሬ ውጭ ተምሮ የመጣ ወጣት ይሄን ቢያነብ የኔን ታሪክ ማን ጻፈው ማለቱ አይቀርም። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ለትናንሽ ተማሪዎች አልልም፣ ለራስዎ ግን ያንብቡት፣ የልጅነቱን ክፍል ደግሞ ቆርሰው ክፍል ውስጥ ሊያነቡላቸው ይችላሉ።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ተወዷል፣ እዚ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አውርጄ ነው ማነበው፣ ግን ሰው ሌብነት ነው ይለኛል። እውነት ነው? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ በቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) የደራሲው መብት እሱ በሕይወት እያለም ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያረፉት 1931 ላይ ስለሆነ የሳቸውን ብታነብ የማንንም መብት አልነካህም። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን 1996 ነው ያረፉት፣ የሳቸው መብት ገና ነው። በሕይወት ያለ ደራሲ ላይማ እባክህ አታድርገው። ሰውዬው ተበድሮ ነው ሚያሳትመው፣ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ቀጣዩን በምን ይጽፋል? ገንዘብ ከሌለህ ተዋስ፣ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ ግዙ፣ አዲስ አበባ ሚሄድ ሰው ስታገኝ ላከው፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚያዞሩት ዘንድ ረከስ ብሎ ይገኛል። በስልክ ማንበቡ በራሱ ምንም ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፣ 11ኛ ክፍል። አብረን ማንበብ ፈልገን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው መግዛት ምንችለው። እንዴት እናድርግ? በምንስ እንጀምር? (ከአረርቲ)

መልስ፦ አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው በቂ ነው ልጆቼ። ለእያንዳንዳችሁ አራት አራት ቀን ስጡ፣ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀት አጥፋችሁ አስገቡና ሁሉም ሰው የነካውን ገጽ ቁጥርና አንድ መስመር ሐሳብ ይጻፍበት፣ መጽሐፉ ላይ ግን አትጻፉ፣ ሌላ ሰውም ያነበዋል። የጨረሰ ላልጨረሰው አይናገር። አራታችሁም ስትጨርሱ አንድ ቅዳሜ ተገናኝታችሁ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡት፣ ቆሎ ይኑር።

ለመጀመሪያ የአቤ ጉበኛን "አልወለድም" ያዙ። አጭር ነው፣ ታትሞ የወጣው 1955 ዓ.ም. ነው፣ የዛን ጊዜው መንግሥት አልወደደውምና ከገበያ አስለቅሞታል። ገና እናቱ ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ ወደዚ ዓለም አልመጣም ብሎ ሚከራከርበት ነው። ክርክሩን አንብባችሁ ዝም ብላችሁ ምትለያዩ አይመስለኝም፣ እናንተ ብትሆኑ ምን እንደምትመልሱለት ጻፉና ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው እትም እዚሁ አወጣዋለሁ።