የድንጋይ ከሰል፣ ጭስና የቤት ምድጃ፤ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክረምቱ ጅማ ላይ ከጠነከረ ወዲህ ስለ ማገዶና ስለ ምድጃ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዝተውልናል። ከእነዚህም መካከል የድንጋይ ከሰልን የሚመለከቱት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በዞናችን ያለው የደልቢ-ሞዬ ክምችትና በኢሉ አባ ቦር በኩል ያለው የያዩ ክምችት ስማቸው በየጊዜው ስለሚነሣ፣ ሰዎች «ይህ ነገር ለቤታችንም ይሆን ይሆን?» ብለው ማሰባቸው ተገቢ ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገን ቀጥለን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ሹፌር የሆነ ዘመዴ ግማሽ ጆንያ የድንጋይ ከሰል አምጥቶልኝ በከሰል ምድጃዬ ላይ አነደድሁት። ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ ሽታውም እንደ ተለኮሰ ክብሪት አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከእንጨት ከሰል ጋር ብቀላቅለው ይሻል ይሆን? (ከሂርማታ)

መልስ፦ አይሻልም፣ እኅታችን፤ እባክዎ ቤት ውስጥ ደግመው እንዳያነዱት። የእንጨት ከሰል ሲከሰል አብዛኛውን ጭሱን እዚያው ከሳዩ ጉድጓድ ውስጥ ጨርሶ ነው ወደ ገበያ የሚመጣው። የድንጋይ ከሰል ግን፣ በተለይ ለስላሳ የሚባለው ዓይነት፣ ከክብደቱ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ሲሞቅ ተንኖ የሚወጣ ጋዝና ዘይት ነው። ላቀችም ሆነ ሌላ ክፍት ምድጃ ይህን ጋዝ የሚያነድበት ክፍል ስለሌለው ጋዙ እንዳለ ወደ ቤቱ ይበተናል። የክብሪት ያህል የሰነፈጠዎት ደግሞ በከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝ ሲነድ የሚፈጥረው ጋዝ ነው። ቢቀላቅሉት ጭሱ በመጠን ይቀንሳል እንጂ ዓይነቱ አይለወጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ያልተጣራ የድንጋይ ከሰል ለቤት ማገዶነት እንዳይውል መክሯል። በቻይና ዩናን ግዛት ሹዋንዌይ በተባለች ወረዳ ጭሳም ከሰል ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ ሲያነዱ በኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ፣ የሳንባ ካንሰር እጅግ በዝቶ ተገኝቷል፤ ጭስ ማውጫ በተሠራላቸው ቤቶች ግን በሽታው ቀንሷል። የተረፈዎትን ከሰል በአቅራቢያዎ ላለ ብረት ቀጥቃጭ ይስጡት። እርሱ ክፍት በሆነ ቦታ በወናፍ እየነፋ ስለሚሠራ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ አቅራቢያ አሮጌ ቤት ገዝቷል። ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል ሁሉንም ክፍሎች የሚያሞቅ የከሰል እቶን አለው። ማታ ከሰል ሞልቶበት ይተኛል፤ ሌሊቱን ጥቁር ጭስ ሲወጣ ያድርና ሊነጋ ሲል እሳቱ ይጠፋል። አንድ ጊዜም የእቶኑ በር በድንገት ተበርግዶ ነበልባል ወጥቶበታል። ስልክ በደወለ ቁጥር ስለዚህ ነው የሚያወራኝ፤ ምን ልንገረው? (ከጅሬን)

መልስ፦ የወንድምዎ ሦስት ችግሮች ከአንድ ምንጭ የሚነሡ ናቸው፤ ምንጩም አጨማመሩ ነው። ለስላሳ የድንጋይ ከሰል ፍም ላይ ሲወድቅ ወዲያው አይያያዝም፤ መጀመሪያ ይሞቅና ከላይ የጠቀስነው ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ እንዲነድ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያላነሰ ሙቀት ሲሆን ሁለተኛው ከፍሙ በላይ የሚያገኘው ንጹሕ አየር ነው። እቶኑ ከዳር እስከ ዳር በከሰል ሲሞላ ሁለቱንም ያጣል። ፍሙ በቀዝቃዛ ከሰል ስለተሸፈነ ጋዙን የሚለኩስ እሳት አይኖርም፤ በአመድ ሳጥኑ በኩል ከታች የሚገባው አየርም በወፍራሙ ንብርብር ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅኑን ጨርሶ ነው ላይ የሚደርሰው። ወንድምዎ የሚያየው ጥቁር ጭስ እንግዲህ ገንዘብ የከፈለበትና ሳይሞቀው ያመለጠው ማገዶ ነው።

ስለዚህ ከሰል ከመጨመሩ በፊት የጋመውን ፍም በአካፋ ወደ አንዱ ጎን ይሰብስብ፤ አዲሱንም በሌላው ጎን ብቻ ያድርግ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጎኑን ይለውጥ። በዚህ አኳኋን የፍሙ አንድ ወገን ምንጊዜም ተገልጦ ስለሚቆይ ከአዲሱ ከሰል የሚወጣው ጋዝ በላዩ ሲያልፍ ይቀጣጠላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንፋሎት ሞተር የሚታወቀው ጀምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1785 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጭስ አቃጣይ እቶን የሚሠራው ከአዲሱ ከሰል የሚወጣው ጋዝ በጋመው ፍም ላይ እንዲያልፍ በማድረግ ነበር።

ቀጥሎ ያለው የአየሩ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። 1 ኪሎ ከሰል በደንብ ለመንደድ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ከፍሙ በላይ መግባት አለበት። በከሰል መጨመሪያው በር ላይ የምትንሸራተት ትንሽ የአየር መግቢያ አለች። አዲስ ከሰል በጨመረ ቁጥር ይህችን መግቢያ ገርበብ አድርጎ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ይተዋት፤ በቀዳዳዋ ሲያይ ጭሳማው ቢጫ ነበልባል አጥሮና ጠርቶ ካገኘው ይዝጋት። ሁልጊዜ ክፍት ብትሆን ቀዝቃዛ አየር ገብቶ እሳቱን ያበርደዋል፤ ሁልጊዜ ዝግ ብትሆን ደግሞ ጥቀርሻው ጭስ ማውጫውን ይደፍነዋል። የእሳቱን ብርታት መቆጣጠር ያለበት ግን በታችኛው፣ በአመዱ በር ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን መዝጊያ አጥብቆ መዝጋት ሰው ይገድላልና በፍጹም እንዳያደርገው አጥብቀው ይንገሩት።

በሩ የተበረገደውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በተሸፈነው ፍም ላይ የተጠራቀመው ጋዝ ከቆይታ በኋላ አንዲት የእሳት ምላስ ስታገኘው ባንድ ጊዜ ይፈነዳል። በር ሲከፍትም መጀመሪያ በትንሹ ከፍቶ ጋዙ እስኪወጣ ይጠብቅ፤ ፊቱንም ያርቅ።

ለሌሊቱ፣ ከሰሉን ከበሩ ራቅ ካለው የኋላ ግድግዳ ጀምሮ ወደ ፊት እያዘቀዘቀ ይከምር፤ በበሩ በኩል ግን የእጅ መዳፍ ስፋት ያለው ፍም ሳይሸፈን ይተው። ማታ አመዱን ሙልጭ አድርጎ አያራግፍ፤ ከፍርግርጉ በላይ የሚቀረው ስስ አመድ አየሩን ስለሚያዘገይ እሳቱ እስኪነጋ ይዘልቃል። ከሰሉ የጭብጥ ያህል ሆኖ ቢመረጥ መልካም ነው። ብናኝ ብቻ ከሆነበት በጥቂት ውሃ ያርከፍክፈው፤ ብናኙ ተያይዞ ይጋገራል እንጂ በጭስ ማውጫው ተጠርጎ አይወጣም። ለስላሳ ከሰል ሲሞቅ ላዩ እንደ ቅርፊት ስለሚጋገር ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ቅርፊቱን በብረት ከላይ በቀስታ ይስበረው፤ ታችኛውን ግን አይነካካው።

ፒትስበርግ ራሷ ለዚህ ነገር ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጭሱ ከመብዛቱ የተነሣ የመንገድ መብራት በቀትር የሚበራባት ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የጭስ መቆጣጠሪያ ደንብ ወጥቶ ከ1947 ጀምሮ በመኖሪያ ቤቶችም ላይ ተፈጻሚ ሆኗል። ወንድምዎ ዛሬ ባለበት አካባቢ ምን እንደሚፈቀድ መጠየቅ ይገባዋል። ከሁሉ በፊት ግን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ገዝቶ በመኝታ ቤቱ አጠገብ ይስቀል።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ዳቦ ቤት አለኝ። የማገዶ እንጨት ዋጋ አላስቆም ስላለኝ ምድጃውን ወደ ድንጋይ ከሰል ለመለወጥ አስቤያለሁ። አንድ ወዳጄ አመዱ ቀልጦ ድንጋይ ይሆናል ብሎ አስፈራራኝ። (ከመርካቶ ሰፈር)

መልስ፦ ወዳጅዎ እውነት ብሏል፤ ሆኖም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ዳቦው የሚጋገረው እሳቱ በነደደበት ወለል ላይ ወይም ጭሱ በሚያልፍበት ክፍል ውስጥ ከሆነ የድንጋይ ከሰል ፈጽሞ አይሆንም። በቻይና ጉይጆ ግዛት ገበሬዎች በቆሎና በርበሬ በከሰል እሳት ላይ ያደርቁ ነበር፤ ከከሰሉ የወጣው አርሴኒክና ፍሎራይድ በእህሉ ላይ እየተቀመጠ ቆዳቸውን፣ ጥርሳቸውንና አጥንታቸውን ጎድቷል። ጥርስ ሲበልዝ፣ አጥንት ሲጎብጥ በስምጥ ሸለቆአችን ከጉድጓድ ውሃ የተነሣ ያየነው ስለሆነ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ከከሰል ወደ ከሰል የመርዙ መጠን ይለያያል፤ ነገር ግን ሳያስመረምሩ በሕዝብ እንጀራ ላይ መሞከር አይገባም። ይህን ስል ዳቦን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በዝናብ ወራት ቡናም ሆነ በርበሬ በድንጋይ ከሰል ጭስ ለማድረቅ የሚያስብ ካለ ይተወው።

እሳቱና መጋገሪያው በግድግዳ የተለያዩ ከሆኑ፣ ጭሱም በራሱ መንገድ የሚወጣ ከሆነ ግን ሊታሰብበት ይችላል። የአገራችን ከሰል በአብዛኛው አመዱ ብዙ ነው። አመዱ የሚቀልጠው በመቆስቆስ ብዛት ወደ ጋመው ፍም መካከል ሲወጣ ነው። ስለዚህ ፍርግርጉን ከሥር በአጭር በአጭሩ እየነቀነቁ ፍም ወደ ሳጥኑ መውደቅ ሲጀምር ያቁሙ፤ ከሥር ወደ ላይ በብረት መቆስቆሱን ግን ይተዉት።

ጥያቄ፦ የእንግዳ ማረፊያዬ ሳሎን ውስጥ ከውጭ የመጣ የብረት ምድጃ ተክያለሁ። መመሪያውን ተከትዬ ባነድም ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየራችን በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በቆላ አገር ልክ የተሠራ ጭስ ማውጫ እዚህ ጉልበት ያንሰዋል። ቱቦውን ከፍ ያድርጉት፤ ጫፉም ከጣሪያው አናት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ቱቦው የሚታጠፍባቸውን ቦታዎች ይቀንሱ፤ ለዝናቡም ክዳን ያድርጉለት። ቀዝቃዛና እርጥብ ቱቦ አየር ስለማይስብ በመጀመሪያ ጥቂት ወረቀት ወይም ደረቅ ጭራሮ አንድደው ያሙቁት።

ለእንዲህ ያለ ትንሽ ምድጃ ከላይ የመለኮስ ዘዴም አለ። ከሰሉን ወይም ወፍራሙን እንጨት ከታች ደርድረው ጭራሮውን በላዩ ያድርጉና እሳቱን ከአናቱ ይለኩሱ። እሳቱ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር የሚነሣው ጋዝ የግድ በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ይነዳል። በደቡብ አፍሪካ በድንጋይ ከሰል ለሚሞቁ ሰፈሮች ይህ ዘዴ ተሰብኮ ጭሱን በእጅጉ ቀንሶላቸዋል። ያም ሆኖ ጭሱ መመለሱን እስኪያቆም ድረስ እንግዶችዎን በዚያ ክፍል አያሳድሩ።

ጥያቄ፦ ቡና ካፈላን በኋላ የተረፈውን ፍም ለሙቀት ብለን ልጆች የሚተኙበት ክፍል እናስገባለን። ጭስ የለውም። ችግር አለው? (ከመንደራ)

መልስ፦ አለው፤ ዛሬ ማታ ጀምሮ ያቁሙት፣ እናታችን። ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም በደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የታየበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት ደሙን አያጠራውምና ኦክስጅን ወዳለበት ሕክምና ቤት ይወሰድ። ፍሙን ከቤት ውጭ በውሃ አጥፍተው ቢያስቀምጡት ለነገው ቡና ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ፣ ከቡና መፈልፈያ ገለፈት በቀላሉ እናገኛለን። ሁለቱም ግን ይጨሳሉ እንጂ አይነዱም። (ከኮጪ)

መልስ፦ የሚጨሱት አየር በመካከላቸው ማለፊያ ስላጣ ነው፤ እርጥብ ከሆኑ ደግሞ ይብሳል። ሰጋቱራውን በደንብ አድርቀው፣ በቆርቆሮ ምድጃ መካከል ክብ ዱላ አቁመው፣ ዙሪያውን ጠቅጥቀው ይሙሉና ዱላውን በቀስታ ያውጡት። ከሥሩ በጎን በኩል ወደ ቀዳዳው የሚያገናኝ የአየር መግቢያ ይኑረው፤ በዚያ በኩል ሲለኮስ እሳቱ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ተይዞ ለረጅም ሰዓት ይነዳል። ይህን የሚያደርጉት ደጅ ወይም ጭስ ማውጫ ባለው ማድ ቤት ይሁን። ገለፈቱ ግን ቀላል ስለሆነ እንዲህ ተጠቅጥቆ አይቆምም፤ ከስሎ በጭቃ ወይም በስታርች ተለውሶ በብሪኬት መልክ ሲጨመቅ ነው የሚያገለግለው። ብሪኬቱ እጅ ላይ ሲሰበር ውስጡ እርጥበት ካለው ገና አልደረቀምና ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆይ።