የፍሪሲቭ ተራ ሲቆም ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ከ20 በላይ ሆነን ፍሪሲቭ የሚባለውን በተራ የሚሄድ የኮምፒውተር የስልት ጨዋታ በኢንተርኔት እንጫወታለን። ግማሾቻችን አዲስ አበባ ነን፤ ሌሎቹ ዱባይና ዋሽንግተን ናቸው። ጨዋታው የሚሠራበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አንድ ሰው መብራት ከጠፋበት ሁላችንም ሁለት ቀን ተገትረን እንቀራለን። ሁሉም ጨርሶ እንኳ ሰርቨሩ ለትንሽ ጊዜ ድርቅ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነገርከኝ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። ከባዱ የመጀመሪያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ተራ ቢበዛ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነውን "ታይምአውት" የሚለውን ቅንብር እይ። ዜሮ ከሆነ የጊዜ ገደብ የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ "ተርንብሎክ" በርቶ ከሆነ ሰርቨሩ ከመስመር የወጣውንም ሰው ይጠብቃል። መብራቱ እስኪመጣለት ጨዋታው ንቅንቅ አይልም።

ስለዚህ ገደብ ስጠው። ቁጥሩ የሚሞላው በሰከንድ ነው። እኔ የምመክርህ 23 ሰዓት ነው፤ 82800 ብለህ ሙላ። ለምን 24 አይሆንም? 24 ካደረግከው ተራው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ይቀየራል። መቀየሪያው በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከዋለ፣ ዋሽንግተን ያለው ገና ማምሻው ነው፤ እናንተ ግን በየቀኑ እንቅልፍ ላይ ናችሁ። በ23 ሰዓት መቀየሪያው በየቀኑ አንድ ሰዓት ቀደም እያለ ስለሚመጣ ሌሊቱ ለሁሉም በየተራ ይደርሳል። "ፊክስድሌንግዝ" የሚለውንም አብራው። አለበለዚያ ሁሉም ቶሎ ከጨረሰ ተራው ሳይታሰብ ይቀየርና የሰዓቱ ስሌት ይዘባረቃል።

ገደብ ስታደርግ ግን አንድ ተንኮል ይመጣል። አንዱ ተራው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጦሩን ከተማህ አጠገብ ያደርሳል። ተራው እንደተቀየረ ወዲያው ያጠቃል። አንተ ተኝተሃል፤ ስትነሳ ከተማዋ የለችም። ይህን የሚከለክለው "ዩኒትዌይትታይም" ነው። 36000 ብትለው፣ በመጨረሻው ደቂቃ የተንቀሳቀሰ ጦር ለ10 ሰዓት ያህል እንደገና መንቀሳቀስ አይችልም። ከታይምአውቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ አይቀበልህም፤ 36000 ግን ከዚያ በታች ነው። ትልቅ ጨዋታ ላይ ያለዚህ ቅንብር ጸብ አይቀርም።

መብራት የሚጠፋበት ልጅስ? አስቀድሞ "ዴሌጌት" በሚለው ትእዛዝ ለሚያምነው ሰው ውክልና ይስጥ። "ኤአይቶግል" ብለህ አገሩን ለኮምፒውተሩ መስጠትም ትችላለህ፤ እኔ ግን አልወደውም። ልጁ ሲመለስ ጦሩ ሌላ ቦታ፣ የጀመረው ግንባታም ተቀይሮ ይጠብቀዋል።

ድርቅ የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። በኮምፒውተር የሚመሩ አገሮች ተራው እንደተጀመረ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ብዙ ካሉህ ቀንስ። ሌላው ጨዋታውን ፋይል ላይ ማስቀመጡ ነው። "ትሬድድ ሴቭ"ን ብታበራው ይህ ከጀርባ ይሠራል፤ ሰው አይጠብቅም። ሴቩን በየአምስት ተራ አንዴ አድርገው የሚሉህን አትስማ። በ23 ሰዓት ተራ ሰርቨሩ ቢወድቅ አምስት ቀን የሚጠጋ ጨዋታ ገደል ገባ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ፍጥነት የአንድ ደቂቃ ድርቀት ማንንም አይጎዳም።

ይህን ሁሉ በቻት መስመሩ ላይ በእዝባር (/) ጀምረህ ታዝዘዋለህ። ከመቀየርህ በፊት ጨዋታውን ሴቭ አድርግ፤ ለተጫዋቾቹም ከአንድ ቀን በፊት ንገራቸው።