ካያክ ልግዛ ወይስ የክለቡን ልጠቀም?

ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ካያክ (እግር ወደ ውስጥ ገብቶ የሚቀዘፍ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ስቀዝፍ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሦስቱን መዋጮ እየከፈልኩ በቀዛፊዎች ክለብ ጀልባ፣ ሦስቱን በራሴ። ስለመግዛት የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ አንድ ላይ ልመልስ።

ሁለቴ ተከራይቼ ሞከርኩት፣ በጣም ወደድኩት። አሁኑኑ ልግዛ?

ቆይ እህቴ፣ አትቸኩዪ። አንድ ሙሉ ወቅት በክለቡ ጀልባ ቅዘፊ። ሁለቴ ወጥተሽ የትኛው ውሃ እንደሚስማማሽ አታውቂም። 3 ሜትር ገደማ የሆነው አጭሩ ካያክ ሰፊ ነው፣ በቀላሉ አይገለበጥም፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ለረጅም ጉዞ የሚሆነው 5 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጀማሪን ግን ያንገዳግዳል። ግሬት ፎልስ በሚባለው የፖቶማክ ፏፏቴ አካባቢ ላለው ኃይለኛ ውሃ ደግሞ ጀልባውም ትምህርቱም ሌላ ነው። ክለብ ውስጥ ሳትከስሪ እየቀያየርሽ ትሞክሪያለሽ።

አፓርታማ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የት ላስቀምጠው?

ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። የፕላስቲክ ካያክ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ሊፍት ውስጥ አይገባም፣ ፀሐይ ላይ ከከረመ ደግሞ ፕላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እኔ የመጀመሪያዬን ሜሪላንድ የሚኖር ዘመዴ ጋራዥ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። እሱ ጋ ሄጄ፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ጭኜ፣ አስሬ፣ ውሃው ዳር እስክደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኝ ነበር። በዚያ ዓመት የቀዘፍኩት በክለብ ጊዜዬ ከቀዘፍኩት ያንሳል። በአየር የሚሞላው ለአንተ ሊሆን ይችላል፤ ንፋስ ይገፋዋል እንጂ። ሳይደርቅ ካጠፍከው ይሻግታል።

ታዲያ አንተ ለምን ገዛህ?

በልኬ ስለፈለግኩ። ካያክን የፈጠሩት የአርክቲክ ሕዝቦች ጀልባውን የሚሠሩት በባለቤቱ ሰውነት እየለኩ ነበር። ምክንያት ነበራቸው። ዳሌህና ጉልበትህ በደንብ ካልተያዘ ጀልባው አይታዘዝህም። የክለቡን ጀልባ ደግሞ በየቀኑ ሌላ ሰው ያስተካክለዋል፣ ቅዳሜ ጠዋት ወረፋም አለው።

ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፣ ታንኳ እችላለሁ። ይረዳኛል?

ሚዛን መጠበቁ በጣም ይረዳሃል። የደንገል ታንኳ ላይ ግን ከላይ ነው የምትቀመጠው። ካያክ ውስጥ እግርህ ገብቶ ስለሆነ፣ ሲገለበጥ እንዴት እንደምትወጣ መጀመሪያ ተማር።

ያገለገለ ብገዛስ?

በጣም ጥሩ። አከራዮች ወቅቱ ሲያልቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ይሸጣሉ። ገልብጠህ ሆዱ እንዳልተሰነጠቀ እየው።

አሁን የሚገዛ ነገር ካለ ምንድን ነው?

ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) እና መቅዘፊያ። ሁለቱም በክለቡ ጀልባም ያገለግሉሻል። መቅዘፊያውን በአንድ ጉዞ ሺህ ጊዜ ስለምታነሺው ቀለል ያለውን ምረጪ። የአሜሪካ ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ላይፍ ጃኬት ጀልባው ላይ ይኑር ይላል። እኔ ግን ልበሺው ነው የምለው፣ ሁልጊዜ።

የምገዛው ብቻዬን በፈለግኩ ሰዓት ለመውጣት ነው። መጋቢት ላይ ሞቅ ሲል ልጀምር?

እባክህ ወንድሜ፣ ይሄንን አታድርግ። መጋቢት ላይ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ውሃው ከ10 በታች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ ትንፋሽህ ይቆራረጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ክንድህ አልታዘዝ ይላል፣ ዋናተኛም ብትሆን። ያኔ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለ ቀዛፊ ነው። እኔ የራሴ ጀልባ እያለኝ የክለቡን መዋጮ እስካሁን የምከፍለው ለዚህ ነው።