ፖኬት 6ኬ ፕሮ ወይስ ኤፍኤክስ30? አዳማ ላላችሁት ሶስት ጓደኛሞች

የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ጋሼ፣ ሶስት ጓደኛሞች ነን፣ አዳማ ነው ያለነው። እስካሁን ካሜራ እየተከራየን ሰርግ ስንሰራ ነበር፣ አሁን ዕቁብ ደርሶን የራሳችንን ልንገዛ ነው። አጭር ፊልምም ጽፈናል፣ አብዛኛው ወንጂ አካባቢ ውጪ የሚቀረጽ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሰው ያገለገለ ብላክማጂክ ፖኬት 6ኬ ፕሮ ከኬጅ፣ ከማት ቦክስና ከፎሎው ፎከስ ጋር ይሸጣል፣ ሌንስ የለውም፣ እሱን ከገዛን ብራችን እዛው ያልቃል። ሌላ ሰው ደግሞ ሶኒ ኤፍኤክስ30 ከሲግማ 18-50 ሌንስ ጋር አለው፣ እሱን ብንገዛ የብራችን ሩብ ይተርፈናል። ጓደኞቼ ብላክማጂኩ ነው ሲኒማ ይላሉ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። የቱን እንግዛ?»

ወንድሜ እንኳን ዕቁቡ ደረሳችሁ። መልሱን ከፊት ልንገርህ፣ ኤፍኤክስ30ውን ግዙ፣ የሚተርፈውን ሩብ ደግሞ አትንኩት፣ ለድምጽ፣ ለኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት)፣ ለባትሪና ለሃርድ ዲስክ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳህ፣ ጓደኞችህም እንዲያነቡት ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም እነሱም ያሉት ነገር እውነት አለው።

የብላክማጂኩ ምስል ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ካሜራ ነው፣ ዛሬም ሰው ፊት ላይ የሚሰጠው ከለር ደስ ይላል፣ የሚቀርጸው ሮው (ካሜራው ብዙ ያላቀነባበረው ጥሬ) ፋይል ኤዲቲንግ ላይ ብዙ ነገር ለማስተካከል ያስችላል፣ ውስጡ 2፣ 4 እና 6 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር አለው (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማውረድ ነው)፣ ስክሪኑም ፀሐይ ላይ በደንብ ይታያል። ፊልም ብቻ የምትሰሩ ብትሆኑ፣ ሌንስ ቢኖራችሁ፣ ፎከስ የሚጎትት ረዳት ቢኖራችሁ፣ እሱን ግዙ ነበር የምለው። ግን እንጀራችሁ ሰርግ ነው። ይሄ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ሰው እየተከተለ ፎከስ አያደርግም፣ በተን ስትጫን አንዴ ፎከስ ያደርጋል በቃ፣ ቦዲው ውስጥም የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር የለውም። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ በእልልታ መሃል ወደ አንተ ስትመጣ አንድ ጊዜ ናት፣ እስቲ ተመለሽና ድገሚው አይባልም። ማት ቦክሱና ፎሎው ፎከሱም ቢሆን (አንዱ ሌንስ ፊት ብርሃን ይከልላል፣ አንዱ ሌንሱን አዙሮ ፎከስ ያስተካክላል) ያለ ሌንስ ምንም አይሰሩላችሁም።

ሌንስ እንዋሳለን ካላችሁ፣ ካሜራው የሚቀበለው የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ስለሆነ እውነት ነው አዳማ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ጋ አይጠፋም። ግን እናንተ ሌንስ የምትፈልጉት ቅዳሜና እሁድ ነው፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ፣ ያን ቀን ደግሞ ባለቤቱም ሰርግ ላይ ነው ያለው።

ሌላው ማንም ሳይነግራችሁ በኋላ የሚመጣው ወጪ የፋይል ነገር ነው። ፖኬቱ በ6ኬ ሮው ሲቀርጽ በጣም ታምቆ በ12ለ1 እንኳን፣ በ25 ፍሬም በየሰከንዱ 67 ሜጋባይት አካባቢ ይጽፋል፣ በሰዓት አስቡት፣ ወደ 240 ጊጋባይት ነው። ኤፍኤክስ30 በ4ኬ 10 ቢት 4:2:2 በሚባለው የከለር ጥራት በ25 ፍሬም በየሰከንዱ 140 ሜጋቢት ነው፣ 8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ስለሆነ በሰዓት 63 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። ለአጭር ፊልማችሁ አምስት ሰዓት ብትቀርጹ በአንዱ 1.2 ቴራባይት በሌላው 315 ጊጋባይት፣ ቅጂ ደግሞ የግድ ሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት ስለዚህ እጥፍ አድርጉት። ሃርድ ዲስክ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ በኋላ ስንት እንደሆነ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። ሶኒው ለዚህ ስራ ቪ30 የተጻፈበት ተራ ኤስዲ ካርድ ይበቃዋል፣ ሁለት መክተቻ ስላለው ሰርግ ላይ ሁለቱም ካርድ ላይ ባንዴ እንዲጽፍ አድርጉት። ኮምፒውተር ላይ ግን የብላክማጂኩ ሮው ነው ቀለል የሚለው፣ የሶኒው ፋይል ደከም ያለ ላፕቶፕ ላይ ይንተፋተፋል፣ ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ) ሰርታችሁ ኤዲት አድርጉ።

ኤፍኤክስ30 እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው፣ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ሱፐር 35 የሚባለው፣ ከፉል ፍሬም የሚያንስ መጠን ነው፣ ያ ሲግማ ሌንስ እሱ ላይ ሲገባ በፉል ፍሬም ቋንቋ ከ27 እስከ 75 ሆኖ ያያል፣ ይሄ ለሰርግም ለፊልምም አብዛኛውን ስራ ይሸፍናል። ድካሙንም ልንገራችሁ፣ ውስጡ ኤንዲ የለውም፣ በሰከንድ 120 ፍሬም ስትቀርጹ ምስሉን ይቆርጠዋል፣ ማታ ላይ እንደ ፉል ፍሬሞቹ አይሆንም። ለማታ በሎግ (ከለሩ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ እንዲስተካከል ፈዝዞ የሚቀረጽበት መንገድ) ስትቀርጹ ሁለተኛው ቤዝ አይኤስኦ፣ ማለትም ምስሉ ጠርቶ የሚወጣበት የብርሃን ስሜት ቁጥር፣ 2500 ነው፣ እዛ ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን በ2.8 ከፍታችሁ ስሩ፣ 2000 ላይ ከመቆም 2500 ላይ ምስሉ ይጠራል። አዳራሹ ከዛም በላይ ከጨለመ አይኤስኦ መጨመር ሳይሆን አንድ የ60 ዋት ኤልኢዲ ላይት ወደ ኮርኒስ ወይ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙራችሁ ማብራት ነው፣ ብርሃኑ ተበትኖ ይወርዳል የሰውም ዓይን አይወጋም።

አሁን ወደ ድምጽ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው ያለኝ።

አዳማ ነፋስ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው እዚህ በከንቱ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን አጭር ፊልሜን ወደ ሶደሬ በሚወርደው መንገድ ስሰራ ያለኝን ብር በሙሉ ለካሜራ ኪራይ አውጥቼ ድምጹን ካሜራው ላይ በተሰካ ማይክ ቀዳሁት፣ ስፖንጅ ብቻ ነበር ያለው። ቤት ገብቼ ስሰማው ከተዋናዩ ድምጽ ነፋሱ ይበልጣል። በኋላ ስቱዲዮ ገብተን በላዩ ላይ እንናገራለን ብለን ተጽናናን፣ ዋናው ተዋናይ ግን በሁለት ወሩ ከሀገር ወጣ፣ ያ ፊልም እስከዛሬ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው ያለው፣ ምስሉ ቆንጆ ነው ማንም አላየውም። እስካሁን ያመኛል።

ስለዚህ ከሩቡ ላይ ትልቁን ድርሻ ለድምጽ አውጡ። አንድ ቡም ማይክ ከነዘንጉና ከፀጉራሙ ሽፋኑ ጋር፣ ስፖንጅ ለቤት ውስጥ ነው ውጪ ፀጉራሙ ነው የሚሰራው፣ ሁለት ልብስ ላይ የሚሰካ ዋየርለስ ማይክ፣ እና አንድ ትንሽ መቅጃ። ዙም ኤች1 ኢሴንሻል የሚባለው በ32 ቢት ፍሎት ይቀዳል፣ ይሄ ማለት ሌቭሉን ባታስተካክሉም ሰው በሹክሹክታ እያወራ ድንገት እልልታ ቢመጣ ፋይሉ ውስጥ አይቆረጥም፣ በኋላ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፣ ለሰርግ ከዚህ የሚሻል የለም። ቡሙን የሚይዘው ሰው ሌላ ስራ አይኑረው፣ ማይኩ ከአፍ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይሁን። ወንጂ ስትቀርጹ ደግሞ በእያንዳንዱ ቦታ ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ የቦታውን ድምጽ ብቻ ቅዱ፣ የሸንኮራው ቅጠል ራሱ ድምጽ አለው፣ ኤዲቲንግ ላይ የተቆራረጠውን ንግግር የሚያያይዝላችሁ እሱ ነው።

ኤንዲ ፊልተሩን እንደ ተጨማሪ ነገር አትዩት። ሂሳቡ ይሄው፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ 800 ከሆነ ሌንሱን እስከ 16 ዘግታችሁ ሻተሩ 1/800 አካባቢ ይሆናል። እናንተ ግን እንቅስቃሴው ሲኒማ እንዲመስል 1/50 ላይ ነው የምትፈልጉት፣ እዛ ለመድረስ 4 ስቶፕ፣ ሌንሱን ወደ 2.8 ለመክፈት ሌላ 5፣ ድምሩ 9 ስቶፕ ነው። በሎግ ስትቀርጹ ከ800 መውረድ አይመከርም፣ ስለዚህ ወይ 9 የሚደርስ ኤንዲ ወይ በ5.6 ረክታችሁ 7 ስቶፕ ያስፈልጋችኋል። ርካሹን የሚዞረውን ከገዛችሁ ጥጉ ላይ ሲደርስ ሰማዩ ላይ ኤክስ የመሰለ ጥላ ይጥላል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱ ላይ አድርጋችሁ ሰማይ ላይ አዙሩት። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ፊልም ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ ባትቀርጹ ደስ ይለኛል፣ ጥላው ዓይን ስር ይወድቃል ፊት ይበላሻል፣ ጠዋትና ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ስሩ።

ኤክስፖዠር ላይ አንድ ነገር። የእኛ ሰው ፊት ጠይም ወይ ጥቁር፣ ነጠላው ደግሞ ነጭ፣ ከኋላ ሰማዩ ያበራል፣ ካሜራው በራሱ ሲወስን ነጠላውን አይቶ ፊቱን ያጨልመዋል። በኤስ ሎግ 3 (የሶኒ ሎግ) ነጭ ነገር በብሩህነት መለኪያው 61 ከመቶ አካባቢ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ነጠላው 60 ላይ ሲታያችሁ አትደንግጡ፣ ከዛ በላይ ብዙ ቦታ አለ፣ ፊቱን አይታችሁ አንድ ወይ አንድ ተኩል ስቶፕ ጨምሩበት፣ በኋላ ስታወርዱት ጨለማው ውስጥ ነጠብጣብ አይበዛባችሁም። ለሰርግ ግን ሎግ አያስፈልግም፣ ኤስ ሲኔቶን የሚባለውን አድርጉ፣ ከለር ሳትነኩት ያምራል፣ እሱ ላይ ግን አትጨምሩ ልኩን አድርጉ።

ካሜራው እጃችሁ እንደገባ መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ፓል (25 ፍሬም የሚያስቀርጸው ሲስተም) ላይ መሆኑን እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 30 እና 60 ፍሬም ላይ ነው የሚገኘው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬም በ1/50 ካልሰራችሁ አዳራሹ ውስጥ ያሉት አምፖሎች ምስሉ ላይ ይርገበገባሉ፣ ይሄ ደግሞ በኋላ በቀላሉ አይስተካከልም።

ባትሪ በትንሹ አራት ይኑራችሁ። ሶኒው በዩኤስቢ ሲ ከጠንካራ ፓወር ባንክ እየሰራ መቀጠልም ይችላል፣ መብራት ሲጠፋ ይሄ ያድናችኋል። ጀነሬተር ላይ ቻርጀር ስትሰኩ ግን በስታቢላይዘር በኩል ይሁን። ትራይፖድ የተረፈ ብር ካለ፣ ከሌለ መጀመሪያ ከሚገኘው የሰርግ ብር ግዙ።

አሁን ስለመግዛቱ፣ ቅዳሜ ሄዳችሁ ስታዩት አትቸኩሉ፣ ደላላው ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው ቢላችሁም። ላፕቶፕና የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ሌንሱ ላይ ክዳን አድርጋችሁ በአይኤስኦ 800፣ ከዛ 2500፣ ከዛ 12800 ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጥቁር ቅረጹ፣ ላፕቶፕ ላይ አስፍታችሁ እዩት፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነጭ ወይ ቀይ ወይ ሰማያዊ ነጥብ ካለ ሆት ፒክስል የሚባለው ችግር ያለበት ፒክስል ነው። ቀጥላችሁ ነጭ ግድግዳ በደንብ ብርሃን ባለበት ቅረጹ። ቀጭን መስመር ወይ ቀለም ያለው ጭረት ከታያችሁ ተዉት፣ የአዳራሽና የኮንሰርት ሌዘር ሴንሰር ያቃጥላል፣ ሰርግ ሲሰራበት የነበረ ካሜራ ላይ መጠርጠር ያለባችሁ ይሄንን ነው፣ ጥገናው ደግሞ ሴንሰር መቀየር ነው። ከዛ 4ኬ ላይ 40 ደቂቃ ሳታቋርጡ አስኬዱት፣ ውስጡ ያለው ፋን ድምጹ ከተቀየረ ወይ ካሜራው በሙቀት ከቆመ ምልክት ነው። ሁለቱንም የካርድ መክተቻ ሞክሩ፣ ኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ፣ ሌንሱን ይዛችሁ ማውንቱ ላይ የሚላላ ነገር ካለ ስሙ።

አንድ ነገር ጠይቁት፣ ከላይ የሚገጠመው የኤክስኤልአር እጀታ አለ ወይ። ኤፍኤክስ30 ሲሸጥ ከእጀታው ጋርም ያለእጀታውም ነው የሚሸጠው፣ ሁለት ትልቅ የማይክ መሰኪያ ያለው እሱ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ካለ ቡሙን በቀጥታ እዛ ትሰኩታላችሁ። ከሌለ ዋጋው ላይ ተከራከሩበት። ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ ወይ ካርቶን ካለው ከቁጥሩ ጋር አመሳክሩ፣ የሻጩን መታወቂያ አይታችሁ ሁለት ምስክር ባለበት ውል ጻፉ።

ጓደኞችህ ፊልሙን የግድ በብላክማጂኩ እንስራው ካሉ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለቀረጻው ሶስት ቀን ከነሌንሱ ተከራዩት፣ በፈጣን መንገዱ ጠዋት ሄዳችሁ ከምሳ በፊት አዳማ ናችሁ። ማይኩና ላይቱ የራሳችሁ ስለሆነ ኪራዩ የቦዲ ከነባትሪውና የሌንስ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ የሶኒውን ሁለተኛ ካሜራ ታደርጉታላችሁ።

ቅዳሜ ያን የጥቁሩንና የነጩን ግድግዳ ቀረጻ ከመክፈላችሁ በፊት ላኩልኝ፣ ኦሪጅናሉን ፋይል እንጂ በቴሌግራም የታመቀውን አይደለም፣ እስከ ማታ አይቼ እመልስላችኋለሁ።